መፈክር ያጣው መሪ

በ2015 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የ«ትራንስፎርመርስ» ካርቱን ባምብልቢ የቡድን መሪ ነው፤ ግን እንደ ኦፕቲመስ ፕራይም ጓዶቹን የሚያስነሳ መፈክር አጥቷል። በየውጊያው አዲስ ይሞክራል፤ ጓዶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ታናሽ ወንድሜ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ ባለፈው ወር የወጣቶቹን ቡድን እንድመራ ተመርጫለሁና። ከእኔ በፊት የነበረው ወንድም አፉን ሲከፍት አዳራሹ ጸጥ ይል ነበር።

በቀደመው ካርቱን ባምብልቢ ድምፁን አጥቶ በጢጥታ ብቻ ይናገር ነበር። (ያኔ ጓዶቹ አንድም ቃል ሳይሰሙ ይረዱት ነበር!) ድምፁ ሲመለስለት የኦፕቲመስን አነጋገር ፍለጋ ገባ። እኔን ያሳዘነኝ ይህ ነው። እነ ስትሮንግአርምና ግሪምሎክ እንደሆነ መፈክሩ ሳያምርም ይከተሉታል።

ቅዳሜ የመጀመሪያ ስብሰባችን ነው። የጻፍኩትን ሦስት ገጽ ንግግር ቤት ትቼ፣ ቀድሜ ሄጄ ወንበር ላስተካክል አስቤያለሁ። የሚመጡትንም በር ላይ በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ ሃያ ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ።