ከቁመቱ በፊት እግሩን

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የተከላካይ ምልመላ ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው ቁመት ነው። እኔ ግን ምኒልክ ዋትሰንን ልጥቀስ። ስሙ የእኛ ይምሰል እንጂ የማንቸስተር ልጅ ነው፤ በአሜሪካን ፉትቦል ኳስ አቀባዩን (ኳርተርባኩን) ሊጥሉት ከሚመጡ ተጋጣሚዎች ይከልል የነበረ ግዙፍ ተጫዋች። እ.ኤ.አ. በ2013 የኦክላንድ ሬደርስ ቡድን በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) በሁለተኛው ዙር፣ በ42ኛ ተራ ሲመርጠው ለፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነበር። ግዙፍ ነው፤ ግን እሱን የሚያህል ሰው በየኮሌጁ ሞልቷል። የለየው እግሩ ነው፦ ቀድሞ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስለነበር ያን ሁሉ አካል ይዞ ወደ ጎን ቀልጠፍ ብሎ ይንሸራተት ነበር።

«ታዲያ ጉዳት አልጨረሰውም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የእ.ኤ.አ. 2015 የውድድር ዘመን የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ ሙሉ በሙሉ አምልጦታል። ይህ የሚያሳየው ግን ሐኪም ከመልማዩ ጎን መቀመጥ እንዳለበት እንጂ እግር ማየት ስህተት መሆኑን አይደለም። ይልቅ የሚከብደው ትችት የልምዱ ማነስ ነው፤ በአንድ ዓመት ፊልም ሰውን መመዘን ቁማር ነው፣ በሁለተኛ ዙር ዋጋ ደግሞ ውድ ቁማር።

የሰፈራችን አሰልጣኞች፣ እባካችሁ ሜትር ከማውጣታችሁ በፊት ልጁን ወደ ኋላና ወደ ጎን አስሩጡት፤ ያውም ከደከመው በኋላ።