የኩበት ሒሳብ
ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ በይፋግ አካባቢ፣ ቤት ለማሞቅ ብቻ ተብሎ የሚነድ እሳት ብዙም አይታወቅም። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲበርድ፣ እራት የበሰለበት ምድጃና ጋቢ ይበቃሉ። ሜዳው ዛፍ ስለማይበዛበት ኩበት ዋና ማገዶ ነው። ሴቶች እበቱን ከጭድ ጋር ለውሰው፣ ጠፍጥፈው በፀሐይ ያደርቁታል። ብር ስለማይወጣበት ነጻ ይመስላል፤ አይደለም። የነደደው እበት ለማሳው ፍግ ይሆን ነበር፤ በምትኩ ማዳበሪያ በብር ይገዛል። ለማገዶ ባሕር ዛፍ የተከለ ገበሬ እበቱን ለማሳው ያተርፋል፤ ዛፉ ግን የእህሉን መሬት ይሻማል። ጭሱማ ሌላ ዕዳ ነው፤ ከፋዮቹ ምድጃ ዳር የሚውሉት እናቶችና ሕፃናት ናቸው፣ ያውም በዓይናቸውና በሳንባቸው። ጭስ ማውጫ ያለው የተሻሻለ ምድጃ ማገዶውንም ጭሱንም ይቀንሳል።