ወይን ፍለጋ በወይና ደጋ

ትልቋ ልጃችን አንድ ቀን እራት ላይ፣ "እማዬ፣ አንቺና አባዬ ስለ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ ስለ ምን ታወራላችሁ?" ብላ ጠየቀችን። ባለቤቴ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንም መልስ ስናጣ ልጅቷ ዝም ብላ እራቷን መብላት ቀጠለች።

ይህ የሆነው በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ትዳራችን 18 ዓመት ሞልቶት ነበር። የባለቤቴ የደም ግፊት ደግሞ ሐኪሙን አሳስቦት "ዕረፍት" የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋግሞለታል። አገልጋይ ዕረፍት ውሰድ ሲባል የሚመልሰውን ታውቃላችሁ፤ "ከጉባኤው በኋላ"፣ "ከዓመታዊ ስብሰባው በኋላ" ይላል። በዚህ መካከል ጌታ የባለቤቴን የአጎት ልጅ አስነሣልን። እርሱ ውጭ አገር ሆኖ በጎንደር ዳርቻ፣ ከቁስቋም በታች ባለው ተዳፋት ላይ ቪላ አሠርቷል። "ቤቱ ባዶውን ነው፤ ሄዳችሁ ሰንብቱበት" አለን። ልጆቹን ለእህቴ ትተን ኅዳር 10 ቀን በአውሮፕላን ጎንደር ገባን።

ቪላው ለሁለት ሰው ይሰፋል። የሳሎኑ ሶፋ ከነላስቲኩ ነበር፤ ስንቀመጥበት ይንኮሻኮሻል። ቤቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ እሳት አያይዘውልን ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር አፍራለሁ፤ እኔ ስልኬን፣ እርሱም ስልኩን አወጣን። በማግስቱም ከቁርስ በኋላ እንደዚያው ሆነ። በመጨረሻ "እስቲ እንውጣና አገሩን እንይ" ያልሁት እኔ ነኝ። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ነው።

የምናየውን መምረጥ ግን ነበረብን። እኔ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት ስለ ወይን እርሻ ምሳሌዎች ነው። በየወሩም ለጌታ እራት ዘቢብ ገዝቼ፣ አጥቤ፣ ማታ ዘፍዝፌ፣ ጠዋት አፍልቼ የማጠልለው እኔ ነኝ። የወይን እርሻ ግን በዐይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ በአገራችን አከፋፈል ወይና ደጋ ማለት ነው። ወይና ደጋ! በትምህርት ቤት ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያልን ስንሸመድድ ቃሉ ውስጥ ወይን መኖሩን ልብ ያልን ስንቶቻችን ነን? ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት ነው። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በዚህ ያለፉ የአውሮፓ መንገደኞችም ከጎንደር በስተደቡብ፣ በእንፍራንዝና በቆሮዳ በኩል ወይን እንደሚለማ ጽፈዋል። ዛሬ የወይን እርሻ ከተባለ ስሙ የሚነሣው ዝዋይ ነው፤ የፈረንሳዩ ካስቴል እዚያ ያለማው እርሻ የመጀመሪያ ምርቱን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እኛ ጠጪዎች አይደለንም፤ እኔ ማየት የፈለግሁት ሐረጉን ነበር። "እንግዲያው ወይን እንፈልግ" አለ ባለቤቴ። ከአንድ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ቀልድ ያለ ነገር ሲናገር ሰማሁት።

በመጀመሪያ በእግራችን ወደ ቁስቋም ወጣን። የኅዳር 6 ክብረ በዓል ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላም፤ ሣሩ በእግር እንደተረገጠ ተኝቷል። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ካረፉ በኋላ ከነገሥታቱ ግቢ ወጣ ብለው ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት በዚህ ተራራ ላይ ነው። ቁስቋም የግብፅ ተራራ ስም ነው፤ በትውፊት ዮሴፍና ማርያም ሕፃኑን ይዘው ተሰደው ያረፉበት ይባላል። እቴጌይቱ ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን፣ ቀጥሎም የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስን ደግፈው አገር አስተዳድረዋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሲመጣ በዚሁ ግቢ በፈንጣጣ የታመሙትን የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ልጆች አክሟል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኢዮአስ ተገድሎ ነበር። የሦስቱ ነው የሚባለውን አጽም መስተዋት ባለው ሣጥን ውስጥ ያሳዩናል። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ሣጥን ናቸው። ባለቤቴ ከፈራረሰው አዳራሽ ደፍ ላይ ብዙ ቆየ። "ባሏ ሲሞት ስንት ዓመቷ ነበር?" አለኝ። ወጣት ነበሩ አልሁት። ሌላ ምንም አልጨመረም፤ ነገር ግን እጄን ይዞኝ ወረደ።

የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት እስኪሞላ ድረስ ደረቅ ነው፤ ያየነው ግንቡን በሥራቸው አንቀው የያዙትን ዛፎች ነው። በማግስቱ በደባርቅ መንገድ እስከ ኮሶዬ ሄድን። እዚያ ደጋው በድንገት ይቆረጥና ገደሉ ከእግራችሁ ሥር ይወርዳል፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ ሰው መጣ ብለው ቀና አይሉም። ብርዱ ግን አላስቀመጠንም። ወይን በዚያ አይታሰብም፤ የገብስ አገር ነው።

በአራተኛው ቀን መኪና ተከራይተን ወደ ደቡብ ወረድን። ከአዘዞ አልፎ፣ ከማክሰኝትም ወዲያ፣ መንገዱ ግራና ቀኙን ጤፍ እየታጨደበት እንፍራንዝ ያደርሳል። በከተማዋ ወይን የት እንዳለ ስንጠይቅ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ "ወይን የሚባሉ ሴቶች አሉ፤ ተክሉን ግን እኔም አላየሁት" አለችን። ሳቅን። ከከተማዋ በላይ ወዳለው የጉዛራ ግንብ ወጣን። ይህን ግንብ አፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት ነው ይባላል፤ እርሳቸው የነገሡት ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት መሆኑ ነው። ከላይ ሆነው ወደ ምዕራብ ሲያዩ ጣና ተዘርግቶ ይታያል።

እዚያ ግንብ ሥር ተቀምጠን ባለቤቴ፣ "የመሪነቱን አገልግሎት ላስረክብ አስቤያለሁ፤ ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸዋለሁ" አለኝ።

"መቼ ነገርሃቸው?"

"ከክረምቱ በፊት።"

አምስት ወር ሊሞላው ነው። እዚያው ተነሥቼ ወደ መኪናው ልወርድ ነበር። ማስረከቡ አይደለም የከፋኝ፤ እኔ ሳልሰማ ሽማግሌዎቹ መስማታቸው ነው። የተናገርሁት ግን ሌላ ነገር ሆነ። "18 ዓመት ሙሉ ዘቢብ ስዘፈዝፍ አንድ ማታ እንኳ መጥተህ አጠገቤ ቆመህ አታውቅም" አልሁት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ከጌታ ገበታ ጋር የተያያዘ ሥራ ደከመኝ ማለት ለፓስተር ሚስት የሚነገር አይደለም። እርሱ ደግሞ፣ "እንድትፈሪ አልፈለግሁም፤ ከእኔ በፊት ስለ ቤት ኪራዩ እንደምታስቢ አውቃለሁ" አለ። እውነቱን ነው፤ የምንኖርበት ቤት የቤተ ክርስቲያኒቱ ነው። ፀሐይዋ ወደ ጣና እስክታዘቀዝቅ ተነጋገርን። አልቅሻለሁም። ሾፌሩ ከታች ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋብን።

በዚያ ምሽት ጠባቂያችን፣ "ግቡ፣ ግቡ፤ እናንተ ጠጅ አትቀምሱም ብዬ ሚስቴን ብርዝ አስበርዣታለሁ" ብለው ወደ ጎጆአቸው ጠሩን። ጾመ ነቢያት በማግስቱ የሚገባ ስለነበር ቅበላ ነው ብለው ዶሮ ሠርተዋል። ማሩ ከዚያው አካባቢ ነው፤ ብርዙም በብርሌ ቀረበ። እኔ የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 2 ስንት ጊዜ ለሴቶች ኅብረት አስተምሬያለሁ፤ በቃና ወይኑ ማለቁን መጀመሪያ ያየችው ሴት መሆኗን ሁልጊዜ እናገራለሁ። በራሴ ቤት ግን ያየችው ልጄ ናት። አባባ ባለቤቴን፣ "ጠጣ እንጂ ልጄ፣ በሞቴ!" እያሉ ሦስት ብርሌ አስጠጡት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆኗል። በዚያው ዓመት ኮሮና መጣ፤ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልሉ ግጭት ተከተለ። ያን መንገድ ዛሬ ሂዱበት ብዬ ለመምከር ድፍረቱ የለኝም። አባባን ኔትወርክ ሲገኝ እንደውልላቸዋለን። ባለቤቴ የመሪነት አገልግሎቱን በ2013 አስረክቧል፤ የቤቱን ነገር ለመፍታት ሌላ ሁለት ዓመት ወስዷል፤ በዚህም ተጨቃጭቀናል።

ከጎንደር በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ማታ ኩሽና ቆሜ ዘቢቡን ሳጥብ በሩ ተከፈተ። እጅጌውን ሰብስቦ መጥቶ፣ "ለስንት ሰዓት ነው የሚዘፈዘፈው?" አለኝ።