መርከበኛው የክሪኬት ተጫዋች

እንግሊዛዊው ጆን ማነርስ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በ105 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ጋዜጦች ያነሡት ከሁሉ አስቀድመው ዕድሜያቸውን ነበር። በከፍተኛው የክሪኬት ደረጃ ከተሰለፉት ሁሉ ረጅም ዕድሜ በመኖር የቀደመውን ክብረ ወሰን በ2018 አልፈው ነበርና። ይሁን እንጂ ዕድሜ የሰው ሥራ አይደለም፤ የማነርስ ሕይወት መመዘን ያለበት በሌላ ሚዛን ነው።

ክሪኬት ለእኛ አንባቢ ባዕድ ጨዋታ ነው። እንደ ገና በዱላና በኳስ ቢካሄድም ጠባዩ ሌላ ነው፤ ወርዋሪው ኳሷን በሦስት ቋሚ እንጨቶች ላይ ያነጣጥራል፣ መቺው እነዚያን እንጨቶች እየተከላከለ ነጥብ ያስቆጥራል። በዚያ ዘመን አንዱ የአውራጃዎች ግጥሚያ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ሦስት ቀን የራሱ ያልሆነለት ሰው፣ ይልቁንም ወታደር፣ እንደ ልቡ ሊጫወተው አይችልም።

የአድሚራል ልጅ የሆኑት ማነርስ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል መኮንን ሆኑ። በ1936 በ21 ዓመታቸው ለሃምፕሻየር ተሰልፈው በፖርትስመዝ ከግሎስተርሻየር ጋር በገጠሙ ጊዜ 81 ነጥብ አስቆጠሩ። ለጀማሪ እጅግ ያማረ አጀማመር ነበር። ነገር ግን ወዲያው ባሕሩ ጠራቸው፤ ቀጥሎም ጦርነቱ መጣ። ለሃምፕሻየር ተመልሰው የታዩት በ1947 ነው። የመቺ ዓይንና ክንድ የሚስማሙበት ዕድሜ በመርከብ ላይ አልፎ ነበር። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት በኬንት ላይ 121 አስቆጠሩ። በከፍተኛው ደረጃ የተጫወቱት በጠቅላላው 21 ግጥሚያ ብቻ ሲሆን በአራቱ ጊዜ ከመቶ በላይ አስቆጥረዋል። ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ምን ያህል እንደ ቀረባቸው ይረዳል።

የጦርነቱ ታሪክ በአብዛኛው እየተሣቀ ይተረካል። በኤፕሪል 1945 ማነርስ ያዘዟት «ቫይስሮይ» የተባለች የጦር መርከብ፣ በሰሜን ባሕር አንዲት የጭነት መርከብ ያሰጠመችውን የጀርመን ሰርጓጅ በጥልቅ ውኃ ፈንጂ አጠፋች። ከቀናት በኋላ ወደ ሥፍራው ተመልሰው ፈንጂ ሲጥሉ ብዙ ጠርሙስ ብራንዲ የያዘ ዕቃ ተንሳፈፈ፤ ከዚያም ለቸርችል ተላከ። የማነርስ ድርሻ የጀግንነት ሜዳይ ሆነ። ጨዋታው ያሥቃል፤ ሆኖም በዚያች ሰርጓጅ ውስጥ የነበሩት 44 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል፣ ጦርነቱም ሊያበቃ የቀረው ሳምንታት ብቻ ነበር። ስለ ጠርሙሶቹ የሚያወጋ ሁሉ ስለ ሰዎቹም ቢያወጋ ይገባዋል።

ለኪነ ጥበብ ሰው ግን የበለጠ የሚያስደስተው የኋለኛው ሥራቸው ነው። ካሜራቸውን ይዘው ወደ ገጠር ወረዱ፤ ብረት ቀጥቃጩን፣ የሠረገላ ጎማ ሠሪውን፣ ቅርጫት ታታሪውን፣ ጣራ በሣር የሚከድነውን ባለ እጅ እያገኙ፣ መሣሪያውንና አሠራሩን በፎቶግራፍ መዘገቡ። «የዛሬ የገጠር እደ ጥበባት» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፋቸው በ1974 ታተመ። በአገራችን «ቀጥቃጭ» የሚለው ቃል ለስድብ ሲውል መኖሩን ለሚያስታውስ፣ አንድ የአድሚራል ልጅ በቀጥቃጩ ደጅ ቆሞ የመዶሻውን አያያዝ ሲያጠና ማሰብ ቀላል ነገር አይደለም። የእንግሊዝ ባለ እጆች በፋብሪካ ምርት ተገፍተው እየተመናመኑ በነበሩበት ጊዜ ማነርስ የቀሩትን እየፈለጉ ደረሱባቸው፤ ከብዙዎቹም ተተኪ ያልነበረው ጥቂት አልነበረም።