ጥፋቱ የማን ነው?

ጥፋት በሁለት ነገሮች መካከል በተገኘ ጊዜ የሰው ዐይን ቶሎ የሚያርፈው ከሁለቱ ጫፎች በአንዱ ላይ ነው። ባልና ሚስት ቢጣሉ ወይ ባል አጥፍቷል ወይ ሚስት አጥፍታለች ይባላል፤ በመካከላቸው ወሬ ያመላለሰውን ሰው ግን ቀርቦ እንዲጠየቅ የሚያደርግ ሽማግሌ ጥቂት ነው። እኔ ይህን ነገር የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ከማይበልጥ ጥቁር ገመድ ነው። ትምህርቱ በገንዘብም በኅሊናም አስከፍሎኛልና፥ ሌላው ጓደኛዬ ሳይከፍል ያገኘው ዘንድ እነሆ ጻፍሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመመረቂያ ሥራዬ የሆነውን የአንድ አነስተኛ ድልድይ ንድፍ በቤታችን ኮምፒዩተር ላይ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ማታ ሞኒተሩ በድንገት ጠቆረና ከሁለት ሰከንድ በኋላ ተመልሶ በራ። «መብራቱ ነው» ብዬ አለፍሁት፤ እናቴ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ባበራች ቁጥር የቤታችን አምፖል ደብዘዝ ማለቱ የተለመደ ነበርና። በሦስተኛው ቀን ግን ምጣዱ ሳይበራም መጥቆሩ በየሰዓቱ ሆነ። ቀጥሎም በሥዕሉ ጨለማ ክፍል ላይ እንደ ከዋክብት ያሉ ነጫጭና አረንጓዴ ነጥቦች ይረጩ ጀመር። በመጨረሻም ሥዕሉ ጭራሽ እየጠፋ «ምልክት የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይንሳፈፍበት ጀመር። ሥራዬን ለማስረከብ የቀረኝ ጊዜ ሦስት ሳምንት ነበር።

ፍርድ ለመስጠት አንድ ሌሊት እንኳ አልፈጀብኝም። ተከሳሹም ሩቅ አልነበረም፤ የ14 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ሳልመለስ በኮምፒዩተሩ የእግር ኳስ ጨዋታ እንደሚጫወት አውቃለሁ። ጨዋታ ግራፊክስ ካርዱን ያግለዋል፤ የጋለ ካርድ ይበላሻል፤ ስለዚህ ካርዱን ያበላሸው እርሱ ነው። ይህ ክርክር በዚያን ሰዓት እንደ ጂኦሜትሪ ማስረጃ የጸና መስሎ ታየኝ።

ልጁን ጠርቼ ብቆጣው፥ «ጋሼ፥ እኔ እኮ ምንም አላደረግሁም። ጠረጴዛው ሲነካ ነው የሚጠፋው» አለኝ።

«ማጥፋትህ ሳያንስ ትዋሻለህ?» አልሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮምፒዩተሩን እንዳይነካ ከለከልሁት። እርሱም አልተከራከረኝም፤ ዳሩ ግን እኔ ስገባ እርሱ ይወጣ ጀመር። እራትም ላይ ዐይኑን ከገበታው ቀና አያደርግም ነበር።

እናቴ ስለ ግራፊክስ ካርድ የምታውቀው ነገር የለም። የምታውቀው የእኔን ፊት ነው። በዚያው ሰሞን የእቁብ ዕጣ ወጥቶላት ስለ ነበር፥ ክረምት ሳይገባ የጣራውን ቆርቆሮ ለማሳደስ ያሰበችውን ገንዘብ በነጠላዋ ጫፍ እንደ ቋጠረችው ሰጠችኝ። «ጣራው ለአንድ ክረምት ይታገሣል፤ ትምህርትህ ግን አይታገሥም» አለችኝ። እኔም ገንዘቡን ይዤ ሄድሁና አንድ ሰው የተገለገለበትን ካርድ ገዛሁ። አሮጌውን ነቅዬ አዲሱን ተከልሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል ሥዕሉ እንደ መስተዋት ጠራ። ለእናቴም «ጤና ሆነ» ብዬ አበሠርኋት። ማታ ንድፌን ለመቀጠል ስቀመጥ ክርኔ ጠረጴዛውን ገፋ አደረገው፤ መስኮቱም ድርግም ብሎ ጠፋ።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይሏል እንደኔ ያለውን ነው። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን ስንፍናዬ እንጂ አለማወቄ አልነበረም። በላቦራቶሪ በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ እየለወጥን ሌላውን ሁሉ ባለበት አቁመን እንመረምራለን። በገዛ ቤቴ ግን አንዱንም ሳልመረምር የእናቴን ጣራ ሸጬ ካርድ ገዛሁ። ደግሞም ሁለት ዳርቻ የሚያገናኝ ድልድይ ስነድፍ እየዋልሁ፥ ካርዱንና ሞኒተሩን የሚያገናኘውን ነገር አንድ ቀን እንኳ ጐንበስ ብዬ አላየሁትም ነበር።

እንግዲህ ይህ ገመድ ምን እንደሚሸከም እንመልከት። በአንድ ተራ ሞኒተር ላይ በአግድም 1920፥ በቁም 1080፥ በጠቅላላው 2,073,600 ነጥቦች አሉ። ካርዱ ይህን ሥዕል በሰከንድ 60 ጊዜ ይልካል። በየመሥመሩና በየሥዕሉ መካከል ያለው የዕረፍት ጊዜ ሲታከልበት በሰከንድ 148.5 ሚሊዮን የነጥብ ምት ይሆናል። ኤችዲኤምአይ በሚባለው፥ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው አሠራር፥ ይህ ሁሉ በሦስት ጥንድ ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ጥንድ በሰከንድ 1.485 ቢሊዮን ቢት ይሸከማል። አራተኛው ጥንድ ምቱን ይጠብቃል። ከእነዚህ ሌላ ሞኒተሩ ስለ ራሱ የሚናገርበት መሥመር አለ። ምን ያህል ነጥብና ምን ዐይነት ፍጥነት እንደሚቀበል ቢያንስ 128 ባይት በሆነች ትንሽ ማስታወቂያ ለካርዱ ይነግረዋል። ይህችን ማስታወቂያ ካርዱ በደንብ ካልሰማት ወይ ዝቅተኛ ሥዕል ይልካል፥ ወይ ጭራሹን ዝም ይላል። ይህ ሁሉ የሚያልፈው 19 ጥርሶች ባሉት፥ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም በማይበልጥ መሰኪያ ነው።

የጥንቱ ገመድ ጠባዩ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው፥ 15 ጥርስ ያለው ቪጂኤ፥ ቀለሙን ከፍና ዝቅ በሚል የኤሌክትሪክ ኀይል ነበር የሚያስተላልፈው። ስለዚህ ገመዱ ሲታመም ሥዕሉም አብሮ ይታመማል፤ ፊደሉ ጥላ ያወጣል፥ ቀለሙ ይደበዝዛል፥ ሞገድ ይሄድበታል። በሽታው ቀስ እያለ ስለሚታይ ባለቤቱ አስቀድሞ ያውቀዋል። የዛሬው ገመድ ግን የሚያስተላልፈው አንድና ዜሮ ብቻ ነው። ሞኒተሩ አንዱን ከዜሮው ለይቶ እስካወቀ ድረስ፥ ገመዱ ምንም ያህል ቢደክም ሥዕሉ ፍጹም ነው። መለየት ባቃተው ጊዜ በመጀመሪያ ነጥቦች ይረጫሉ፤ ጥቂት ቢብስ ደግሞ ሥዕሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ገመድ ገደል አፋፍ እስኪደርስ ድረስ ጤነኛ መስሎ ይሄዳል። እኔም በዚህ ተታለልሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ሥዕል ይሰጠኝ ስለ ነበር ገመዱን ከተጠርጣሪዎች መዝገብ አልጻፍሁትም።

በማግሥቱ እንደ ተማሪ ተቀመጥሁ። መጀመሪያ ነጥቦቹ ሲረጩ ጠብቄ፥ በሞኒተሩ ግርጌ ያለውን ቁልፍ ተጭኜ የራሱን ማስተካከያ ሰሌዳ አወጣሁ። ይህን ሰሌዳ የሚሥለው ሞኒተሩ ራሱ ነው እንጂ ካርዱ አይደለም። በቆሸሸው ሥዕል መካከል ሰሌዳው ጥርት ብሎ ወጣ፤ ስለዚህ ሕመሙ ከመስተዋቱ ላይ እንዳልሆነ ገመትሁ።

ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ በመስኮቱ ላይ ያለውን ሥዕል ራሱ እንዲገለብጥ አዘዝሁት፤ በዚያችው ቅጽበት ደግሞ መስኮቱን በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። ሁለቱን አስተያየሁ። በስልኬ ፎቶ ላይ ነጥቦቹ አሉ፤ ኮምፒዩተሩ በገለበጠው ላይ ግን አንድም የለም። ኮምፒዩተሩ የሚገለብጠው ገና በገመዱ ያልተላከውን ሥዕል ስለ ሆነ፥ ጥፋቱ የሚገባው ሥዕሉ ተሠርቶ ካበቃ በኋላ ነው ማለት ነው። ይህ የካርዱን መውጫ ሶኬት ፈጽሞ ነፃ አያወጣውም፤ ዳሩ ግን «ካርዱ በጨዋታ ጋለና ሥዕል መሥራት ተሳነው» የሚለውን ክሴን ከሥሩ ነቀለው።

በሦስተኛው ሸክሙን አቀለልሁለት። ሥዕሉን ወደ 1280 በ720 ባወርደው በገመዱ የሚያልፈው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እንዳወረድሁት ነጥቦቹ ጠፉ። ሁለት ጆንያ ተሸክሞ የሚንገዳገድ ሰው በአንዱ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ማለት ነው፤ መንገዱ ደክሟል።

በመጨረሻ ከጎረቤታችን ሌላ ገመድ ተዋስሁ። አሮጌውን ካርድ ወደ ስፍራው መለስሁና በተዋስሁት ገመድ አገናኘሁት። አንድ ቀን ሙሉ ስሠራበት ዋልሁ፤ ጠረጴዛውንም ሆን ብዬ ገፋሁት፤ ምንም አልሆነም። ይህም አልበቃኝም። የአጋጣሚ ነገር እንዳይሆን የራሳችንን ገመድ መልሼ ሰካሁ፤ ሕመሙ ወዲያው ተመለሰ። ሲያነሡት የዳነ፥ ሲመልሱት የታመመ ከሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻም። ከጠረጴዛው ኋላ ተጐንብሼ ባየው፥ መሰኪያው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ገመዱ አንገቱ ላይ እንደ ማጭድ ተቆልምሟል። ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ግድግዳው ይጫነው ነበር። ወንድሜ ያለኝ ቃል በቃል ይኸው ነበር። እኔ ክርክር ይዤ እርሱን ሳዳምጥ፥ እርሱ የያዘው በዐይኑ ያየውን ነበር።

ጥፋተኛው ሁልጊዜ ገመድ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ብል ያንኑ ስሕተት በሌላ ፊት መድገም ይሆንብኛል። የካርዱ ማስታወሻ ሲበላሽ ሸንተረርና ቁርጥራጭ ቀለም ይመጣል፤ ይህ ግን ኮምፒዩተሩ በገለበጠው ሥዕል ላይም ብዙውን ጊዜ ይታያል። መስተዋቱ ራሱ ሲታመም ዘወትር በአንድ ስፍራ የሚቆም መሥመር ይወጣል፤ የሞኒተሩን ሰሌዳ እንኳ ሳይቀር ያቋርጠዋል። ካርዱን የሚነዳው ፕሮግራም ሲሳሳትም መስኮቱ ሊጠፋ ይችላል። በዲስፕሌይ ፖርት ገመድ ደግሞ፥ 20ኛው ጥርስ ሊገናኝ የማይገባው ሆኖ ሳለ አንዳንድ ርካሽ ገመዶች አገናኝተውት ኤሌክትሪክ ከሞኒተር ወደ ካርድ በመሻገር ችግር ያመጣል። በጋዝ ከፍና ዝቅ ከሚል ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሰው ድንገት ሲነሣ በሚፈጠረው ብልጭታ መስኮት ለአፍታ የሚጠቁርበትም ጊዜ አለ። ይህን የመሰለ ነገር ለሰሚው ተረት ይመስላል፤ ነገር ግን የሚደርስ ነው። እኔ የምለው፥ ከሁሉ አስቀድሞ ርካሹንና ቀላሉን እንመርምር፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ ያየውንም ሰው እንጠይቅ ነው።

አዲስ ገመድ የገዛሁት በአንድ ሳምንት የታክሲ ገንዘቤ ነበር። የገዛሁትን ካርድ ወደ ሻጩ ብመልሰው ከዋጋው ሲሦውን ቆርጦ ተቀበለኝ፤ አልፈረድሁበትም፤ እርሱ የሸጠልኝ ደኅና ዕቃ ነበር። የተረፈውን ገንዘብ ለእናቴ ስሰጥና እውነቱን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያም፥ «የኔስ ይሁን፤ ጣራው በጎደለው ልክ ይታደሳል። የልጁን ግን ለራሱ ንገረው» አለችኝ።

ታላቅ ወንድም ታናሹን ይቅርታ ሲለምን በቤታችን አይቼ አላውቅም። በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር አገኘሁት። «ያልኸው ልክ ነበር፤ ጠረጴዛው ነው። ውሸታም ማለቴ ጥፋቴ ነው» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና፥ «ነግሬህ ነበር እኮ፥ ጋሼ» አለ። ሌላ አልጨመረም። እኔም የምጨምረው አልነበረኝም።

ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የሚጎተት ዕቃ ድምፅ ሰማሁ። ብገባ ጠረጴዛውን ብቻውን እየጎተተ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ሲያርቀው አገኘሁት።