በባሮ ወንዝ ላይ አንድ ሌሊት ለማደር ስላሰብነው ጉዞ

ከቤተሰባችን ጋራ ከጋምቤላ ተነሥተን በትንሽ የሞተር ጀልባ ወደ ኢታንግ ለመውረድ፥ አንድ ሌሊትም በመንገድ ለማደር ባሰብን ጊዜ፥ አስቀድሞ ያሳሰበን የስንቁ ነገር ሳይሆን የውሃው ነገር ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል ለንግድ ጣቢያ የታሰበው ስፍራ በኢታንግ አጠገብ ነበር፤ ጣቢያው ግን በጋምቤላ ቆመ። ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ቡናችንን ይጭኑ የነበረው ባሮ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነው። በበጋ አሸዋው ብቅ ይላልና እኛም ጉዞውን በመስከረም መጨረሻ ቆረጥነው።

ሲወርዱ ውሃው ራሱ ይገፋል፤ ሲመለሱ ግን ሞተሩ ከወንዙ ጋራ ይታገላል። ስለዚህ ለመመለሻው የመውረጃውን እጥፍ ቤንዚን፥ ከዚያም በላይ መጠባበቂያ ያዝን። በጨለማ መሄድ ከቶ አይገባም፤ ሙላቱ ግንድ ያወርዳል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመንደር አጠገብ ማሰር ይሻላል፤ ነገር ግን ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣልና ዱካው ካለበት ዳርቻ መራቅ ነው። የአዞውን ነገር ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ባለቤታችን «ልጆቼ ያለ አጎበር አያድሩም» አሉ፤ እውነታቸውን ነው፥ ወባው ከአዞው ይብሳል። ጀልባውን ብንለካው አጎበር ተሰቅሎ ከአራት ሰው በላይ አያስተኛም። ስለዚህ የሦስት ዓመቱ ታናሽ ልጃችን ከአያቱ ዘንድ እንዲቀር ተወሰነ። ይህን በሰማ ዕለት ጫማችንን ሸሸገብን፤ አንዱን እግር እስከ ዛሬ አላገኘነውም።