«ስኳር ስላለብኝ ኮክ አልበላም» ለምትሉኝ



እዚህ አትላንታ ሐምሌ ሲገባ ኮክ የሌለበት ገበያ አይገኝም። ጆርጂያ «የኮክ ግዛት» ትባላለች፣ የከተማው መንገድም ግማሹ «ፒችትሪ» ነው። (በምርት ግን ካሊፎርኒያም ሳውዝ ካሮላይናም ይበልጧታል። ለጆርጂያ ሰው ይህን አትንገሩ።) በዚህ ሰሞን ክሊኒክ ከሚመጡ አበሻ ታካሚዎቼ የማልሰማበት ቀን የሌለ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ስኳር አለብኝ፤ ኮክ መብላት እችላለሁ ወይ?»

የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙም አያሳስቡኝም፣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። የሚያሳስቡኝ ሳይጠይቁ እርግፍ አድርገው የተዉት ናቸው። ከነሱ አንዷ የገዛ እናቴ ነበረች።

እማዬ ልጆቼን ልታይልኝ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም እንዳለባት ካወቀች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። «ጣፋጭ ነገር በቃ» ተብላለች። ማን እንዳላት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ብርቱካን የለም፣ ማንጎ የለም፣ ኮክ የለም። በሌላ በኩል ምሳ ላይ ሁለት እንጀራ ትበላለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ስኳር የሌለው» የሚል የተጻፈበት ብስኩት ከፓኮው እያወጣች በሻይ ትጨርሳለች። ብስኩቱ እኮ ዱቄት ነው! ዱቄትም ሆድ ውስጥ ሲፈጭ የሚሆነው ግሉኮስ ነው። እኛ ፍራፍሬ ስንበላ እሷ «እናንተ ብሉ» ብላ ተነስታ ዕቃ ታጥባለች።

ይህን ሁሉ የታዘበች የስድስት ዓመት ልጄ አንድ ቀን የቆረጥኩላትን ኮክ ገፋ አድርጋ «አልፈልግም፣ ኮክ ያሳምማል። እማማን ያሳመማት እሱ ነው» አለችኝ። እማዬ ማጠቢያው ጋ ሆና ሰማች። ምንም አላለችም፣ ውኃውን ዘጋችና ዞር ብላ አየችኝ።

እንግዲህ ከዚህ እንጀምር። ዓይነት 2 ስኳር ኮክ በመብላት የሚመጣ በሽታ አይደለም። ሰውነት ኢንሱሊንን እንደሚገባው መጠቀም ሲያቅተው፣ ቆሽትም ቀስ በቀስ ሲደክም የሚመጣ ነው። ዘር፣ የሰውነት ክብደት፣ እንቅስቃሴ ማነስና ዕድሜ ድርሻ አላቸው። አንድ መካከለኛ ኮክ 150 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በውስጡ ያለው ስኳር 13 ግራም አካባቢ ነው። ያም ከብዙ ውኃና 2 ግራም ከሚሆን ፋይበር ጋር ተጠቅልሎ፣ እየታኘከ፣ ቀስ እያለ ነው የሚገባው። ስኳር ያለበት ሰው ኮኩን ይቆጥረዋል እንጂ አይፈራውም። ጭማቂ ሌላ ነገር ነው። የሦስት ኮክ ስኳር በአንድ ብርጭቆ፣ ያለ ማኘክ፣ በሁለት ደቂቃ። «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውንም እዚሁ ጨምሩት።

አሁን ወደ ኮብለሩ። የማታውቁት ካላችሁ፣ ኮብለር የዚህ የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች የቤት ጣፋጭ ነው። ከታች ፍራፍሬ፣ ከላይ ሊጥ፣ ከዚያ ኦቨን። ኬክ የሚጠይቀውን ሙያ አይጠይቅም። በዕድሜ ገፋ ያሉ ጎረቤታችን በየዓመቱ የኮክ ወራት ሲሆን አንድ ትሪ ሙሉ ይዘውልን ይመጣሉ። እሳቸውም ስኳር አለባቸው፣ ከእማዬ ጋር ቋንቋ ሳይግባቡ የመለኪያ ማሽናቸውን ሲያወዳድሩ አግኝቻቸው አውቃለሁ። አሠራሩን ጠየቅኳቸው፦ አንድ ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ወተት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ አንድ ጥቅል ቅቤ፤ ኮኩ ላይ ደግሞ ሌላ ግማሽ ኩባያ ስኳር።

አንድ ኩባያ ስኳር 200 ግራም ነው፤ ስለዚህ ትሪው ውስጥ 300 ግራም የተጨመረ ስኳር አለ። ለ8 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 37 ግራም ያህል ይደርሰዋል፣ ማለትም 9 የሻይ ማንኪያ። አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ 39 ግራም ነው ያለው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም እንዳይበልጥ፣ ከ2 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ጭራሽ እንዳይኖር ይመክራል። ስለዚህ ልጅ በአንድ ሳህን ኮብለር፣ ላዩ ላይ አይስክሬም ሳይታከልበት፣ የቀኑን አልፎ ይሄዳል። ለጎረቤታችን ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። በዓመት አንዴ በፍቅር የመጣ ምግብ በግራም አይመዘንም። እኔን የሚመለከተኝ ቤቴ ውስጥ በየሳምንቱ የሚሠራው ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእማዬና ከልጄ ጋር እኛ ሠራን። አሠራሩን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ በዚህ ሳምንት ብትሞክሩት ደስ ይለኛል።

ዋናው ነገር የበሰለ ኮክ መምረጥ ነው። ኮኩ ራሱ ጣፋጭ ከሆነ ስኳሩን መቀነስ ቀላል ነው፤ ጥሬ ኮክ ከሆነ ግን ስኳር ያስጨምራችኋል። ቀለሙ አያታላችሁ፣ አሽቱት። ግንዱ ጋ ያለውን ቦታ በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ትንሽ ለስለስ ይበል። ጠንካራ ከሆነ በወረቀት ከረጢት ከአንድ ሙዝ ጋር አንድ ሁለት ቀን አስቀምጡት፤ ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ ያበስለዋል። አገር ቤት የምናውቀው ኮክ ትንሽና ጠንከር ያለ ነው፤ አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትሠሩ ሰዎች ቁጥሩን ጨምሩ፣ ኦቨን ውስጥም ትንሽ አቆዩት።

8 መካከለኛ ኮክ አጥባችሁ ቁረጡ። ልጣጩን እኔ አልልጥም፤ ፋይበሩ እዚያ ነው፣ ሲበስልም ይለሰልሳል። ልጆቻችሁ ጸጉሩን ካልወደዱት የፈላ ውኃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ከትታችሁ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ብታዛውሩት ልጣጩ በእጅ ይወጣል። የተቆረጠውን ኦቨን በሚችል፣ ጎኑ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ጥልቅ ሳህን አድርጉና 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ ነስንሳችሁ አዋህዱት። (ቀረፋው ለጣዕም ነው። ቀረፋ አፍልታችሁ እየጠጣችሁ የስኳር መድኃኒታችሁን ያቆማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ መድኃኒቱን ስለመጀመር ዛሬውኑ ሐኪማችሁን አነጋግሩ።)

ለሊጡ የጎረቤታችን አሠራር አንድ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት ይላል። እማዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችውና «ይሄማ ሊጥ ነው፣ ምን ያስጨንቃል? ለምን ጤፍ አንጨምርበትም?» አለች። ስለዚህ የእኛ ሁለት ሦስተኛው የፉርኖ፣ አንድ ሦስተኛው የጤፍ ዱቄት ሆነ። ጤፉ ፋይበርና ደስ የሚል ሽታ ጨመረበት፤ ስኳር የማይጨምር ዱቄት ግን አደረገው ማለት አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ትንሽ ጨው፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ ኩባያ ወተት። በማንኪያ ዞር ዞር አድርጉትና ተዉት፤ ብዙ ከታሸ ይጠነክራል። ሊጡን በማንኪያ እየቆነጠራችሁ ኮኩ ላይ ጣል ጣል አድርጉት። ይህንን ሥራ ለልጅ ስጡ። ልጄ ኮክ እንደሚያሳምም የነገረችኝን ልጅ ረስታ አንዱን ቁራጭ ወደ ሊጡ፣ አንዱን ወደ አፏ ስትልክ አይቻታለሁ። (የምትበላው ኮኩን ይሁን፤ ጥሬ ዱቄት ያለበትን ሊጥ ልጆች እንዲልሱ አትፍቀዱ፣ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል።)

በ190 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ወይም እዚህ አሜሪካ ላላችሁ በ375 ፋራናይት፣ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ። ላዩ ወርቅማ ሲሆን፣ ጎንና ጎኑ ላይ ጭማቂው ወፈር ብሎ ሲንተከተክ ደርሷል። ሳህኑ ከሞላ ከስሩ ሌላ ትሪ አድርጉ፣ የፈሰሰ ስኳር ከኦቨን ላይ ማስለቀቅ ፈተና ነው። ከዚያ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። የኮኩ ጭማቂ ከፈላ ውኃ ይልቅ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ የልጅ ምላስ ደግሞ አይጠብቅም።

የዚህኛው የተጨመረ ስኳር በጠቅላላ 4 የሾርባ ማንኪያ፣ 50 ግራም ነው። ለ8 ሲካፈል ለአንድ ሰው 6 ግራም። የኮኩም የዱቄቱም ተደምሮ የአንድ ሰው ድርሻ ካርቦሃይድሬት 35 ግራም ገደማ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ግን ወደ 65 ይጠጋል። አንድ ሙሉ ትልቅ እንጀራ ከ35 ግራሙ እንደሚበልጥ አስታውሱ። እማዬን ያሳመንኳት በዚህ ነው። ምሳ ላይ አንዱን እንጀራ ተወችና ኮብለሯን ከእኛ ጋር፣ ቁጭ ብላ፣ ከስኳር አልባ እርጎ ጋር በላች። ከምሳ በፊት ስትለካ 118 ነበረች፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ 156። ብዙ አዋቂ የስኳር ታካሚዎች የሚመከሩት ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። ማሽኑን ሁለት ጊዜ አገላብጣ አየችው። «ተበላሽቶ እንዳይሆን» ብላ የጎረቤታችንን ማሽን ልታስመጣ ነበር።

ይህ የእማዬ ቁጥር ነው፣ የእናንተ ሊለይ ይችላል። መለኪያ ካላችሁ ራሳችሁ ላይ ሞክሩት፤ በፊት አንዴ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንዴ።

ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ስለሚገባ ጾመኞች ትጠይቁኛላችሁ። አሠራሩ ዘይት ስለሆነ ወተቱን በውኃ ወይም ስኳር በሌለው የአኩሪ አተር ወተት መተካት ብቻ ነው። እርጎው ይቀራል። ከዚህ የሚከብደው ግን መድኃኒታችሁ ነው። ኢንሱሊን የምትወጉ፣ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ፣ ግሊፒዛይድና ግሊሜፒራይድ ያሉትን የምትውጡ ሰዎች እስከ ከሰዓት ሳትበሉ ስትቆዩ ስኳራችሁ በጣም ሊወርድ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት መጠኑና ሰዓቱ እንዲስተካከል ሐኪማችሁን አማክሩ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት ከመጣና ስኳራችሁ ከ70 በታች ከሆነ፣ ጾሙ ይቆይ፤ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። በዚያን ሰዓት ኮብለር አትብሉ። ዘይት ወይም ቅቤ ስላለበት ስኳሩ ቶሎ ደም ውስጥ አይደርስም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ደግሞ ምንም እንዳትጨምሩ፣ አምቡላንስ ጥሩ።

ትንንሽ ልጆች ላላችሁ፦ ምግብ የጀመረ ሕፃን ከ6 ወር ጀምሮ ለስላሳ፣ የተላጠ ኮክ መብላት ይችላል፤ ኮብለሩ ግን ስኳር ስላለው እስከ 2 ዓመት ይቆየው። ስኳሩን በማር ልተካ የምትሉ፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፣ በኦቨን የበሰለም ቢሆን። ለከባድ ሽባነት የሚዳርግ የባክቴሪያ ዘር ማር ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ የቤት ኦቨንም አይገድለውም። ፍሬውን ከልጆች እጅ አርቁ፣ ሊያንቅ ይችላል፤ ሰብራችሁም ውስጡን አትፍጩ፣ ሲፈጭ ሳያናይድ ይለቃል። ኮክ በልቶ ከንፈሩ ወይም ፊቱ ያበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ልጅ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሄደው።

የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። ኮክ ርካሽ በሆነበት በዚህ ወር ቆርጣችሁ፣ ትሪ ላይ ሳይደራረብ አቀዝቅዛችሁ፣ ከዚያ በከረጢት ብታስቀምጡት እስከ ታኅሣሥ ትሠሩበታላችሁ፤ የንጥረ ነገር ይዘቱ ከትኩሱ ብዙም አይርቅም። እማዬ ባለፈው ሳምንት ስድስት ከረጢት ሞላች። አሁን የምታማርረው ፍሪዘሩ ውስጥ ለበርበሬዋ ቦታ ጠፋ ብላ ነው።